አንቶናን ቤስ

አንቶናን ቤስ (ሰኔ 20 ቀን 1869 – ሰኔ 25 ቀን 1943 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 26 ቀን 1877 – ጁላይ 2 ቀን 1951) መቀመጫውን በኤደን ወደብ አድርጎ በየመን፣ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሌ ጠረፍ ይነግድ የነበረ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነው። ያቋቋመው ኤ. ቤስ እና ኩባንያው በቡና፣ በቆዳና ሌጦ፣ በነዳጅና በመርከብ ወኪልነት ሥራ ከቀይ ባሕር ታላላቅ የንግድ ቤቶች አንዱ ለመሆን በቃ። ቤስ ዛሬ በብዛት የሚታወሰው ግን በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሴንት አንቶኒ ኮሌጅ መሥራች በመሆኑ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ወደ ኤደን መምጣቱ

ቤስ የተወለደው በደቡብ ፈረንሳይ በካርካሶን ከተማ ነው። አባቱ የቆዳ ነጋዴ ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ ቤተሰቡ ወደ ሞንፔልየ ተዛወረ። ቤስ በትምህርቱ ብዙ አልገፋም። በ18 ዓመቱ ወታደር ሆኖ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ በ1899 የሦስት ዓመት ውል ፈርሞ ባርዴ በሚባለው የፈረንሳይ ንግድ ቤት ሊሠራ ወደ ኤደን ሄደ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የማያውቅ ሰው በመጨረሻ ሀብቱን ለዩኒቨርሲቲ መስጠቱ በታሪኩ ውስጥ ከሚያስገርሙት ነገሮች አንዱ ነው።

የባርዴ ቤት ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1880 ኤደን ሲደርስ የቀጠረው አልፍሬድ ባርዴ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም ቡናና ቆዳ እንዲገዛ ወደ ሐረር ላከው። ሐረር በዚያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። ቤስ ኤደን ሲገባ ራምቦ ከሞተ 8 ዓመት አልፎ፣ ሐረርም ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ በምኒልክ ግዛት ውስጥ ሆና ነበር። ንግዱ ግን ያው ነበር፦ ከደጋው ቡናና ቆዳ ይወርዳል፣ ከባሕር ማዶ ጨርቅና ሸቀጣሸቀጥ ይወጣል።

ኤደን ራሷ በ1839 በእንግሊዞች ተይዛ ከሕንድ ትተዳደር የነበረች ወደብ ናት። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ ከአውሮፓ ወደ እስያ የሚያልፈው መርከብ ሁሉ የድንጋይ ከሰል ለመጫን ይቆምባት ጀመር። የንግዱ ከተማ ክሬተር ይባላል፤ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተሠራ፣ ዙሪያውን በጥቁር ገደል የታጠረ፣ ሙቀቱ የማይቻል ሰፈር ነው። አብዛኞቹ አውሮፓውያን ጥቂት ዓመት ሠርተው ይሸሹት ነበር። ቤስ ከ50 ዓመት በላይ ኖረበት።

ቡና፣ ቆዳና ሌጦ

በ1902 ውሉ ሲያልቅ ቤስ ከባርዴ ቤት ወጥቶ ከዘመድ በተበደረው ገንዘብ የራሱን ንግድ ጀመረ። መነሻው የየመን ቡና ነበር፤ ከዚያ ቆዳና ሌጦ ተጨመረበት። ያኔ በየመንም ሆነ በኢትዮጵያ የሚታመነው ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበርና የሁለቱን አገር ገበያ በአንድ መዝገብ መያዝ ለኤደን ነጋዴ አይከብደውም። የሐረር ቡና ኤደን ደርሶ ሞካ በሚል ስም ወደ አውሮፓና አሜሪካ መሸጡ የቆየ ልማድ ነበር፤ ገዢው ባሕር ማዶ ሆኖ የየመንን ቡና የጠጣ ይመስለዋል እንጂ ፍሬው ከኢትዮጵያ ደጋ ሊሆን ይችላል።

የሌጦ ንግድ መንገድ ዛሬም ቢሆን ብዙ አልተለወጠም። ለፋሲካ አንድ በግ ያረደ የጋሸና ወይም የላስታ ገበሬ ሌጦውን በቅዳሜ ገበያ ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው በጨው አሽቶ ወይም አድርቆ ለከተማ ነጋዴ ያስረክባል፤ የከተማው ነጋዴ በብዛት አጠራቅሞ ለላኪ ይሰጣል። በየደረጃው ጥቂት ትርፍ ይቀራል፤ ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ግን ጫፍ ላይ፣ የአውሮፓን ዋጋ ከሚያውቀው ሰው ዘንድ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት ተፈላጊ ነው። ቤስ የቆመው በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ነበር። ቴሌግራፍ በእጁ፣ መጋዘን በስሙ፣ መርከብም በወኪልነቱ ስለ ነበረ ከታች ያለው ሻጭ የማያየውን ዋጋ እርሱ ያያል። ሀብቱ ከየት መጣ ለሚል ጥያቄ ዋናው መልስ ይህ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ንግዱ በፍጥነት ሰፋ። በ1920ዎቹ የሼል ነዳጅ ኩባንያ ወኪል ሆነ፤ ለጀልባ፣ ለመኪና፣ ለመብራት የሚሆነው ቤንዚንና ላምባ በእርሱ መጋዘኖች በኩል በቀይ ባሕር ዙሪያ ይከፋፈል ጀመር። የራሱ መርከቦችም ነበሩት፤ ከትንንሽ ወደቦች ዕቃ እየለቀሙ ወደ ኤደን ያመጡ ነበር። ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ለማይገቡበት ወደብ ትንሽ መርከብ ያለው ሰው ጌታ ነው።

በኢትዮጵያ

የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የደጋው ንግድ መልክ ተለወጠ። በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በቀናት የሚለካ ሆነ። ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ የመኖች፣ ፈረንሳዮች አዲስ አበባ ላይ ሱቅና መጋዘን ከፈቱ፤ ከሕንዶቹ ትልቁ የመሐመድ አሊ ቤት ነበር። የቤስ ኩባንያም ጅቡቲና አዲስ አበባ ላይ ቅርንጫፍ ነበረው፤ ቡናና ቆዳ ይገዛል፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ ይሸጣል። የአገሩ ሰው ስሙን በፈረንሳዮቹ አነጋገር ቤስ ይለው ነበር።

የኢጣልያ ወረራ ይህን ሁሉ አናጋው። ፋሽስቶቹ የውጭ ምንዛሪውን ተቆጣጥረው የገቢና ወጪ ንግዱን ለራሳቸው ድርጅቶች ስለ ሰጡ የሌሎች አገሮች ነጋዴዎች ሥራ ደረቀ፤ የመሐመድ አሊ ቤት በ1937 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ለኤደን ነጋዴዎች የኢትዮጵያ ገበያ እንደ ቀድሞው የተከፈተው በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ነው። ኤ. ቤስ ከዚያ ወዲህ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት አስመጪና ላኪ ድርጅቶች አንዱ ነበር።

ጠባዩና ቤተሰቡ

ቤስ አጭር፣ ቀጭን፣ እጅግ ብርቱ ሰው ነበር። በኤደን ገደሎች ላይ መውጣትና በባሕሩ መዋኘት ልማዱ ነበር፤ እንግዶቹንም ሳያስጠነቅቅ ይዟቸው ይወጣ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ መጫን ለጋዜጣ ሊዘግብ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ በሐረር በኩል አድርጎ ኤደን ገባ። በ1931 ባሳተመው ሪሞት ፒፕል በተባለው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ሚስተር ለብላን ብሎ የሣለው ባለጠጋ ነጋዴ ቤስ ነው። ዎ ለቀላል የእግር ሽርሽር የተጠራ መስሎት ሄዶ ቀጥ ያለ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን ያገኘበት ክፍል ከመጽሐፉ በጣም አስቂኙ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ መጽሐፉ ስለ ዘውድ በዓሉ በንቀት የጻፈው ይበልጥ ይታወቃል፤ ስለ ቤስ የጻፈው ግን በአድናቆት ነው።

ከሠራተኞቹ ጋር የነበረው ግንኙነት ቀላል አልነበረም። ለሰዓትና ለሒሳብ ጥብቅ ነበር፤ ከሠራተኞቹ የሚጠብቀውም ከራሱ የሚጠብቀውን ያህል ነበር። በሌላ በኩል ፈረንሳዊ፣ ሕንድ፣ ዓረብ፣ ሶማሌ፣ የየአገሩን ሰው አብሮ ያሠራ ነበር። ከእንግሊዝ ባለ ሥልጣኖች ጋርም ለረጅም ጊዜ አልተዋደደም፤ በእንግሊዞች ወደብ ላይ ፈረንሳዊ ሆኖ ከእነርሱ ነጋዴዎች በልጦ መገኘቱ አላስወደደውም።

ሁለት ጊዜ አግብቷል። የመጀመሪያ ሚስቱ ቤልጅጋዊት ነበረች፤ ትዳሩ ፈረሰ። በ1922 ሂልዳ ክራውዘር የተባለች ስኮትላንዳዊት አግብቶ አምስት ልጆች ወለዱ። ሂልዳ በንግዱም ሆነ በኋላ በመጣው የበጎ አድራጎት ሥራ ከፍተኛ ድርሻ ነበራት። በ1930ዎቹ አጋማሽ ወደ ሐድረሞት ትጓዝ የነበረችው ጸሐፊ ፍሬያ ስታርክ ኤደን ላይ የቤስ እንግዳና ወዳጅ ነበረች።

ለኦክስፎርድ የሰጠው ገንዘብ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤስ 70 ዓመት ሞላው። ሀብቱን ለልጆቹ ብቻ ትቶ መሞትን አልፈለገም። ልጁን ያስተማረበት ጎርደንስተን የተባለው የስኮትላንድ ትምህርት ቤት አሳብ ማርኮት ነበር። የትምህርት ቤቱ መሥራች ኩርት ሐን ከናዚዎች የሸሸ ጀርመናዊ መምህር ሲሆን ተማሪ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በባሕር፣ በተራራና ሰውን በማገልገል መታነጽ አለበት ይል ነበር። ገደል መውጣት ለሚወደው ለቤስ ይህ የገዛ ልቡ አሳብ ነበር።

በ1947 ጠበቃው ስሙን ሳይገልጥ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቀርቦ አዲስ ኮሌጅ ለማቋቋም የሚበቃ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው እንዳለ አስታወቀ። ዩኒቨርሲቲው ወዲያው እሺ አላለም። አዲስ ኮሌጅ ከመክፈት ይልቅ ያሉት ድኾች ኮሌጆች ቢረዱ ይሻላል የሚል መልስ ሰጠ። ገንዘብ የለመነ ሰው እምቢ ሲባል የተለመደ ነው፤ ገንዘብ ልስጥ ያለ ሰው እምቢ መባሉ ግን እንግዳ ነገር ነበር። ቤስ አልተቀየመም። 250,000 ፓውንድ ለነባሮቹ ኮሌጆች እንዲከፋፈል ተስማማና ጥያቄውን እንደ ገና አቀረበ። ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ጨርሰው ለምርምር የሚመጡ ተማሪዎች በዝተው ስለ ነበረ ዩኒቨርሲቲውም አሳቡን ለወጠ፤ በሴፕቴምበር 1948 ለአዲስ ኮሌጅ 1,250,000 ፓውንድ ተቀበለ። ጠቅላላው ስጦታ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ፤ ለዚያ ዘመን እጅግ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ኮሌጁ በ1950 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀበለ። መኖሪያው በዉድስቶክ መንገድ ላይ የነበረ የቀድሞ የመነኮሳይያት ገዳም ሆነ፤ የመጀመሪያው ኃላፊ በጦርነቱ ጊዜ ከዩጎዝላቭ አርበኞች ጋር የተዋጋው የታሪክ ምሁር ዊሊያም ዲኪን ነበር። የንጉሣዊ ቻርተሩን ያገኘው በ1953 ነው። ኮሌጁ ከመጀመሪያው አንሥቶ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ብቻ የሚገቡበት ሲሆን ትኩረቱም የዓለም ፖለቲካና የየአህጉሩ ጥናት ነው፦ ሩሲያ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ አፍሪካ፣ እስያ፣ ላቲን አሜሪካ። የመካከለኛው ምሥራቅ ማዕከሉ በ1957 ሲከፈት ንግዱ ቤስን ባለጠጋ ያደረገው ምድር ራሱ የጥናት ርዕስ ሆነ። የፍሬያ ስታርክ ፎቶግራፎችም የሚገኙት በዚሁ ማዕከል መዝገብ ቤት ነው።

ስሙም የራሱ ታሪክ አለው። ኮሌጁ አንቶኒ የተባለው በለጋሹ ስም አንጻር ነው፤ የትኛው ቅዱስ አንቶኒ እንደ ሆነ ግን ለዓመታት አልተወሰነም ነበር። አንዳንዱ የፓዱዋው ነው፣ ሌላው የግብፁ ነው ይል ነበር። በ1961 የግብፁ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ቅዱስ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመነኮሳት አባት ተብሎ ጥር 22 ቀን የሚታሰበው አባ እንጦንስ ነው። ሀብቱን ሁሉ ሰጥቶ በረሃ የገባ መናኝ በነጋዴ ገንዘብ ለተሠራ ኮሌጅ ጠባቂ መሆኑ ብዙ ጊዜ ፈገግታ ያጭራል።

በዚያው በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ በጥቂት ተማሪዎች ሥራ ጀመረ። ሁለቱን ማነጻጸር ለቤስ ውርስ ግምት ለመስጠት ይረዳል። የቤስ ሀብት የተሠራው በየመንና በኢትዮጵያ ደጋ ቡና፣ በገበሬውና በአርብቶ አደሩ ቆዳ ነው፤ ትልቁ ስጦታ የሄደው ግን ገንዘቡ ወደ ተገኘባቸው አገሮች አልነበረም። ዘመኑ የቅኝ ግዛት ዘመን ስለ ነበረ ይህን ያስተዋለ ጥቂት ነው። ኮሌጁ በበኩሉ ከእነዚህ አገሮች ጭምር ለመጡ ተማሪዎች በሩን ከፍቷል፤ የአፍሪካ ጥናት ከሚካሄድባቸው የኦክስፎርድ ኮሌጆችም ዋነኛው ነው። ዕዳው በዚህ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም የሚለው አከራካሪ ነው።

ሞቱ

በ1951 ዓመት የብሪታንያ መንግሥት ለቤስ የሰርነት ማዕረግ ሰጠው፤ ኦክስፎርድም በዚያው ሰኔ የክብር ዶክትሬት አለበሰው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ጎርደንስተን ሄዶ ሳለ በጁላይ 2 ሞተ። ስሙን የሚያስታውሰውን ኮሌጅ በሥራ ላይ ያየው ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1970 የተመረቀው የኮሌጁ ዋና ሕንፃ በባለቤቱ ስም ሂልዳ ቤስ ተብሏል። የቤስን የሕይወት ታሪክ የኮሌጁ አባል የነበረው ዴቪድ ፉትማን ጽፎ በ1986 ታትሟል።

ከእርሱ በኋላ

ኩባንያውን የወረሱት ልጆቹ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ የአባቱን ስም የያዘው ቶኒ ቤስ፣ የአባቱን ፈለግ በበጎ አድራጎትም ተከተለ። ኩርት ሐን ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች አብረው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ለመክፈት ሲያስብ፣ በዌልስ ባሕር ዳር የሚገኘውንና የአሜሪካዊው የጋዜጣ ባለቤት ዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት ንብረት የነበረውን የሴንት ዶናትስ ቤተ መንግሥት በ1960 ገዝቶ የሰጠው ቶኒ ነበር። አትላንቲክ ኮሌጅ በ1962 ተከፈተ። በዓለም ዙሪያ ለተስፋፉት የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆች የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሰጠው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለው ፈተናም መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው።

ንግዱ ግን እንደ ትምህርት ቤቶቹ ዕድለኛ አልነበረም። በጁን 1967 የስዊዝ ቦይ በጦርነት ምክንያት ሲዘጋ የኤደን ወደብ መርከብ አጣ። በኖቬምበር እንግሊዞች ወጡ፤ በ1969 ማብቂያ ላይ የደቡብ የመን መንግሥት የውጭ ባንኮችንና የንግድ ቤቶችን ሲወርስ የቤስ ኩባንያም አብሮ ተወረሰ። ኢትዮጵያ ውስጥም በ1967 ዓ.ም. ደርግ ታላላቅ የግል ድርጅቶችን መውረሱ እንዲህ ዓይነቱ የንግድ ቤት ዘመን ማብቂያ ሆነ። አንድ ሰው በ50 ዓመት የገነባው የንግድ መረብ እርሱ በሞተ በ20 ዓመት ውስጥ ተበጣጠሰ።

ያም ሆኖ ከዚያ ንግድ ቤት የወጣ ሌላ ዘር አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ከሕንድ ጉጃራት የመጣ ዲሩባይ አምባኒ የተባለ የመምህር ልጅ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ታላቅ ወንድሙን ተከትሎ ኤደን ገባና በኤ. ቤስ ተቀጠረ። ኩባንያው በሼል ወኪልነት በሚያካሂደው የነዳጅ ሥራ ውስጥ በጸሐፊነት ሠራ። ከሥራ ሰዓት ውጭ በገበያው እየተዘዋወረ የምንዛሪና የሸቀጥ ንግድ ተማረ። የመጀመሪያ ልጁ ሙኬሽ በ1957 ኤደን ውስጥ ተወለደ። በ1958 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቦምቤይ ተመልሶ በአነስተኛ ካፒታል የቅመማ ቅመምና የክር ንግድ ጀመረ፤ ከመጀመሪያ ደንበኞቹም ኤደን ውስጥ የሚያውቃቸው ነጋዴዎች ነበሩበት። ያ ንግድ ከጨርቃ ጨርቅ ወደ ፖሊስተር፣ ከፖሊስተር ወደ ነዳጅ ማጣሪያ እያደገ ሪላያንስ ኢንዱስትሪስ የተባለው የሕንድ ግዙፍ ድርጅት ሆነ። ዲሩባይ በ2002 ሲሞት ከሕንድ ታላላቅ ባለ ኢንዱስትሪዎች አንዱ ነበር፤ ሙኬሽ አምባኒ ዛሬ ከእስያ ቀዳሚ ባለጠጎች ይቆጠራል። አንድ የፈረንሳይ ነጋዴ ከባርዴ መደብር ወጥቶ የራሱን እንደ ከፈተ፣ አንድ ሕንዳዊም ከቤስ መደብር ወጥቶ የራሱን ከፈተ።